ለበረኛ የሚነገር ውሸት

«ጋሼ፣ ለመሆኑ ቱሪስት ማለት ምን ማለት ነው?»

ይህን ጥያቄ ያቀረበልኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ቦታው የስማዳ ወረዳ ዋና ከተማ ወገዳ፣ ጊዜው የ2011 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን ነበር። ጠያቂው ቃሉን ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነው፤ ያውም የጂኦግራፊ። ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦርና በጋይንት በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀውን፣ በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩትን መንገድ ይዘው ወደ ላሊበላ የሚያልፉትን ነጮችም ከልጅነቱ ጀምሮ አይቷል። ወገዳ ከዚያ መንገድ ወደ ደቡብ ገባ ያለች በመሆኗ ቱሪስት አያዘወትራትም እንጂ፣ ቱሪስት የሚባለው ሰው ምን እንደሚመስል ለስማዳ ልጅ ነጋሪ አያስፈልገውም። ባርኔጣ ያጠለቀ፣ ካሜራ ያንጠለጠለ፣ የሚጠጣውን ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ይዞ የሚዞር፣ «ለምን መጣህ?» ተብሎ የማይጠየቅ ሰው ነው።

የአክስቴን ልጅ ያስጨነቀው ቱሪስቱ ራሱ እሱ ሊሆን መሆኑ ነው። ከፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሞ ያመጣውን ሁለት ገጽ ወረቀት ዘረጋልኝ። አንዲት የደቡብ አሜሪካ አገር ለጉብኝት ቪዛ ጠያቂዎች ያወጣችው የመስፈርት ዝርዝር ነበር። ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ፓስፖርት፤ ጉርድ ፎቶግራፍ፤ የባንክ ሒሳብ መግለጫ፤ ከመሥሪያ ቤት የተጻፈ የደመወዝና የፈቃድ ደብዳቤ፤ ሆቴል ለመያዙ ማረጋገጫ፤ የደርሶ መልስ የአውሮፕላን ቲኬት፤ የቢጫ ወባ ክትባት የተወሰደበት ቢጫ ካርድ። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚሞላ ፎርም አለ። ከፎርሙ መካከል አንዲት ትንሽ ሣጥን፤ በላይዋም «የጉዞው ዓላማ» የሚል ጽሑፍ።

«ሁሉንም ደጋግሜ አነበብኩት» አለኝ። «እንደ ገባኝ ከሆነ ቱሪስት ማለት መመለሱ የተረጋገጠ ሰው ማለት ነው። አገር የሚያይ ማለት አይደለም።»

«አንተስ ትመለሳለህ?»

ሳቅ አለና በአገጩ ወደ ሰሜን አመለከተኝ። «ከዚያማ ወደ ላይ ነዋ!» ካርታውን ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። ከደቡብ አሜሪካ ተነስቶ ኮሎምቢያን፣ በኮሎምቢያና በፓናማ መካከል ያለውን ዳሪየን የተባለ መንገድ አልባ ጫካ፣ ከዚያም መካከለኛው አሜሪካንና ሜክሲኮን አልፎ ወደ አሜሪካ የሚወስደውን ጉዞ በጣቱ በአየር ላይ ሣለልኝ። ቀጠለናም «እንግሊዝኛህ ከእኔ ስለሚሻል ሣጥኗ ውስጥ ‹ጉብኝት› ብለህ ሙላልኝ» አለኝ።

አልሞላሁለትም። «ውሸት በእጄ አልጽፍልህም» አልኩት። እውነቱን እንዲጽፍ ግን አልመከርኩትም፤ እውነቱን ከጻፈ ቪዛውን እንደማያገኝ ሁለታችንም እናውቃለንና። «ታዲያ ምን ትመክረኛለህ?» ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ። ጠላዬን አነሳሁና ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመርኩ። ይህ ጽሑፍ እንግዲህ ለዚያ ጥያቄ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው። መልስ ከሆነ።

* * *

ነገሩን ቀለል አድርጎ ማለፍ ይቻላል። ከአንዱ ወገን «ውሸት ውሸት ነው፤ ለበረኛ የተነገረ ስለሆነ እውነት አይሆንም» የሚል ሰው ይነሳል። ከሌላው ወገን ደግሞ «የማይገባውን የሚጠይቅ የማይገባውን መልስ ያገኛል፤ ምድር የእግዚአብሔር ናት፤ ለመሆኑ በሩን ማን ተከለው?» የሚል ይመጣል። ሁለቱም በየአፋቸው እውነት አላቸው። ሁለቱም ግን ከአንድ ጥያቄ ላይ ዘለው ያልፋሉ። የቤት ባለቤት እንግዳውን «ለምን መጣህ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለውን? ካለውስ እስከ ምን ድረስ?

ይህን ለመመርመር ሩቅ አገር መሄድ አያሻንም፤ እዚያው ጋይንትና ስማዳ እንቆይ። ይህ አገር ከጥንት ጀምሮ የእንግዳ አገር ነው። የድጓ ምስክር ቤት የሆነችው ቤተልሔም፣ የዝማሬና መዋሥዕት ምስክር ቤት የሆነው ዙር አባ የሚገኙት በጋይንት ምድር ነው። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከትግራይ ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ዱላውን ይዞ የሚመጣው የቆሎ ተማሪ ፓስፖርት አልነበረውም። የባንክ ሒሳብ መግለጫ አልነበረውም። የደርሶ መልስ ቲኬትማ ጭራሽ! ትምህርቱ አምስት ዓመት ይፍጅ አሥር ዓመት ራሱም አያውቅም። በየደጃፉ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ ያቺ ቃል የመግቢያ ፈቃዱ ነበረች። የጉዞው ዓላማ እዚያችው ውስጥ አለ።

መንገደኛውም እንዲሁ ነው። ሲመሽበት ከአንድ ደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። «ቤት ለእንግዳ» ይባላል። ውሻው ይያዝለታል። እግሩን ይታጠባል። የተገኘው ይቀርብለታል። ከዚያ በኋላ ነው እሳት ዳር ተቀምጦ ጥያቄው የሚጀመረው። አገርዎ ወዴት ነው? የእነማን ወገን ነዎት? ወዴት ያመራሉ? ልብ በሉ፤ ገጠሬው አይጠይቅም አላልኩም፤ ይጠይቃል። እንዲያውም ከቆንስሉ ይልቅ አጥብቆ ይጠይቃል። ልዩነቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። እሱ አስቀድሞ ያበላል፣ ቀጥሎ ይጠይቃል፤ የቪዛው መስኮት ግን አስቀድሞ ይጠይቃል፣ ከዚያ አብዛኛውን ይመልሳል።

ዳሩ ግን ያደግንበትን አገር ስናነሳ ገነት ማስመሰል ይቀናናልና ልጓም እንያዝ። የመጀመሪያው ቀን እንግዳ እንደ ወርቅ እንደሚከበር፣ እየሰነበተ ሲሄድ ግን እንደሚረክስ በተረት የነገረን ይኸው ገጠር ነው። የቆይታ ጊዜን መገደብ ኤምባሲዎች የፈጠሩት ጥበብ አይደለም። ከዚህ የከፋም አለ። ያው ለማያውቀው መንገደኛ መደብ የሚለቅ ገበሬ፣ ዘመኑን ሙሉ አብሮት የኖረውን ቀጥቃጭ ወይም ሸክላ ሠሪ «ቡዳ ነው» ብሎ አብሮት ማዕድ አይቀርብም ነበር። ሸክላ ሠሪዋ ምን እንደ ሠራች ማንም አይጠይቃትም፤ ከማን እንደ ተወለደች ማወቁ ብቻ ይበቃል። እንግዲህ በአንድ መንደር ውስጥ ሁለት ዓይነት በር ነበረ ማለት ነው፤ አንዱ ሰውን እያየ የሚከፈት፣ ሌላው ዘርን እያየ የሚዘጋ። የጽሑፌ ዋና ነገር ይህ ልዩነት ስለሆነ አንባቢዬ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ።

* * *

ወደ ሰፊው ዓለም እንውጣ። ዛሬ ከፍጥረተ ዓለም ጀምሮ የነበረ የሚመስለን የፓስፖርትና የቪዛ ሥርዓት ዕድሜው አጭር ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በነበሩት አሥርት ዓመታት አብዛኛው የምዕራብ አውሮፓ ተጓዥ ከአገር አገር ያለ ፓስፖርት ይዘዋወር ነበር። ጦርነቱ ሲነሳ እ.ኤ.አ. በ1914 መንግሥታት ሰላይን ለመያዝ፣ ወታደርን ላለማስኮብለል በሩን ዘጉት። ጦርነቱ አለቀ፤ በሩ ግን ተዘግቶ ቀረ። የዓለም መንግሥታት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1920 ፓሪስ ላይ ጉባኤ ጠርቶ የፓስፖርትን መልክ አንድ ወጥ እንዲሆን አደረገ። በችግር ቀን የተሰጠ ሥልጣን በደኅና ቀን እንደማይመለስ እኛም በየዘመናችን አይተነዋል።

ቀጥሎ የመጣው የሰብአዊ መብቶች ሁለንተናዊ መግለጫ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 በጸደቀው አንቀጽ 13፣ ማንኛውም ሰው የራሱን ጨምሮ ከማናቸውም አገር የመውጣት፣ ወደ አገሩም የመመለስ መብት እንዳለው ይናገራል። መልካም። ወደ ሌላ አገር ስለ መግባትስ? በቀጣዩ አንቀጽ ከተነሳው ከስደተኛ ጥገኝነት በቀር ዝም ነው። ይህን ዝምታ ቆም ብሎ ላሰበው ሰው እንቆቅልሽ ነው። መውጫ በሩ በሕግ ተከፍቷል፤ ወጥቶ የሚገባበት ግን አልተነገረውም። የአክስቴ ልጅ ከአገሩ የመውጣት ሙሉ መብት አለው፤ የጎደለው የሚያርፍበት መሬት ብቻ ነው።

ኢማኑኤል ካንት የተባለው የጀርመን ፈላስፋ በዚህ ጉዳይ ላይ እ.ኤ.አ. በ1795 ስለ ዘላለማዊ ሰላም ባሳተመው ድርሳኑ የተናገረው ነገር አለ። እንደ እሱ አባባል የእንግዳ መብትና የጎብኚ መብት የተለያዩ ናቸው። እንግዳ ሆኖ በሰው ቤት መክረም የባለቤቱን በጎ ፈቃድ ይጠይቃል፤ መብት አይደለም። መጎብኘት ግን፣ ማለትም በሰላም የመጣ ሰው እንደ ጠላት ሳይታይ ቀርቦ ራሱን ማስተዋወቅ፣ የሰው ልጅ ሁሉ መብት ነው። ለምን ቢሉ፣ ምድር ክብ ስለሆነች ሰዎች ያለ ገደብ ሊራራቁ አይችሉም፤ ዞሮ ዞሮ መገናኘታቸው አይቀርም። ባለቤቱ እንግዳውን መመለስ ይችላል፤ ሲመልሰው ግን ለጥፋት የሚዳርገው መሆን የለበትም።

የአክስቴ ልጅ ቃሉን ብሰጠው ምን ይል እንደነበር አስባለሁ። «እሺ ጋሼ፣ ካንት ጎብኚ መብት አለው ብሏል። እኔ ግን ጎብኚ መሆኔን የማረጋግጠው በባንክ ደብተር ነው።» እውነቱን ነው። በዚያ ዝርዝር ላይ የተጻፈው እያንዳንዱ ወረቀት ዋስ ነው። የባንኩ መግለጫ «አይለምንም» የሚል ዋስ፤ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ «የሚጠብቀው አለ» የሚል ዋስ፤ የመልስ ቲኬቱ «አይቀርም» የሚል ዋስ። በአገራችን ዋስ የሚሆነው ሰው ነበር፤ «የእገሌ ልጅ ነው፣ አውቀዋለሁ» የሚል አንደበት። እዚህ ግን ዋስ የሚሆነው ገንዘብ ነው። የመምህር ደሞዝ ደግሞ ለራሱም ዋስ አይሆን!

* * *

«ታዲያ በሩን ክፍት አድርጎ የሚተው አገር የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ነበረ። ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ኢኳዶር የምትባል ትንሽ አገር በፕሬዚዳንት ራፋኤል ኮሬያ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2008፣ የመላው ዓለም ዜጎች ያለ ቪዛ ለዘጠና ቀን እንዲገቡ ፈቀደች። በዚያው ዓመት መስከረም በሕዝበ ውሳኔ ያጸደቀችው ሕገ መንግሥት ደግሞ ከዚያ አልፎ ሄደ። የሰው ልጅ በምድር ላይ በነፃ መዘዋወሩን፣ የዓለም ዜግነትን፣ «የውጭ አገር ሰው» የሚባል ማዕረግ ቀስ በቀስ እየጠፋ መሄዱን እንደ መርሕ አስቀመጠ። አንድ መንግሥት «ቤት ለእንግዳ» የሚለውን ቃል በሕገ መንግሥቱ ጻፈ ማለት ነው።

ሁለት ዓመት አልፎ ጥቂት ቢቆይ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2010 ኢኳዶር በዘጠኝ አገሮች ዜጎች ላይ ቪዛ መልሳ ጣለች። አገሮቹም አፍጋኒስታን፣ ባንግላዴሽ፣ ኔፓል፣ ፓኪስታን፣ ናይጄሪያ፣ ኬንያ፣ ሶማሊያ፣ ኤርትራ፣ ኢትዮጵያ ነበሩ። ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም፤ ሰው አሻጋሪ ደላሎች የተከፈተውን በር የሰሜን አሜሪካ መንገድ መነሻ አድርገውት ነበር። ሕገ መንግሥቱ እንዳለ ነው፤ መርሑም እንዳለ ነው። በሩ ላይ ግን የዘጠኝ አገር ስም ተለጠፈበት።

ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ሁለት ይሆናል። በአንድ በኩል እፈራለሁ፤ «ጉብኝት» ብሎ የጻፈ ሁሉ የዋሸው ለበረኛው ብቻ እንዳልሆነ ይታየኛል። ውሸቱ ዕዳ ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለው ደግሞ እሱ ራሱ አይደለም። እሱማ አልፏል። የሚከፍለው ከእሱ በኋላ ያንኑ ፓስፖርት ይዞ የሚመጣው ነው፤ በእውነት ጉባኤ የተጠራው ምሁር፣ በእውነት ልጇን ልትጠይቅ የሄደች እናት፣ በእውነት የኢኳዶርን ተራሮች ማየት የፈለገ የጂኦግራፊ መምህር። አዎን፤ ያም ሰው ሊኖር ይችላል። ድኻ የመጎብኘት ፍላጎት የለውም ያለው ማን ነው?

በሌላ በኩል ግን እቆጣለሁ። ደላላው ጥፋተኛ ነው፤ የተጠቀመበትም መንገደኛ ጥፋት አለበት እንበል። ታዲያ የተፈረደው በእነሱ ላይ ነውን? ፍርዱ በአሥር ሚሊዮኖች በሚቆጠር ሕዝብ ላይ፣ ያውም አብዛኛው ኢኳዶር የምትባል አገር መኖሯን እንኳ በማያውቅ ሕዝብ ላይ ነው የወደቀው። ይህ ፍርድ በመንደራችን ለሸክላ ሠሪዋ ይሰጥ ከነበረው ፍርድ በምን ይለያል? እሷም «ምን ሠራሽ?» አልተባለችም፤ «ከማን ተወለድሽ?» እንጂ።

መንግሥታት እርስ በርሳቸው ሲገናኙ ግን ሌላ ሥነ ምግባር አላቸው። ብራዚልን እንይ። ከኛ ጋር ቅርብ ናት፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ሳኦ ፓውሎ መብረር ከጀመረ ወዲህ ስሟ ለአዲስ አበባ ልጅ እንግዳ አይደለም። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2019 ለአሜሪካ፣ ለካናዳ፣ ለአውስትራሊያና ለጃፓን ጎብኚዎች ቪዛን በራሷ ፈቃድ አነሳች። በኋላ «እኛ ስንመጣ ትጠይቁን የለም ወይ?» በማለት በሦስቱ ላይ፣ ማለትም ከጃፓን በስተቀር፣ ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ መልሳ ጣለች። ብድር በምድር ነው። ክብር ያለው አቋም ነው፤ እኔም አጨበጭብለታለሁ። ይሁንና ብድር መመለስ የሚችለው በእጁ ነገር ያለው ነው። ኢትዮጵያ ነገ ተነስታ የሀብታም አገር ጎብኚዎችን የስድስት ወር የባንክ መግለጫ ብትጠይቅ የሚጎዳው የላሊበላው አስጎብኚ፣ የጎንደሩ ሆቴል አስተናጋጅ ነው። ስለዚህ ጎብኚው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ቪዛውን ቤቱ ተቀምጦ በኮምፒውተር ያገኛል፤ የአክስቴ ልጅ ግን በመስኮት በኩል ልቡ ይመረመራል። እኩል መጠያየቅ የእኩዮች ፍትሕ ነው። እኩያ ላልሆነው የሚቀረው ወይ መዋሸት ወይ መቅረት ነው።

* * *

እዚህ ላይ ጽሑፌን ብቋጨው ብዙ አንባቢ ደስ እንደሚለው አውቃለሁ። ሀብታሞቹን ወቅሰን፣ ራሳችንን አጽናንተን እንለያይ ነበር። ነገር ግን የራሳችንን በር ሳንመረምር የሰውን መውቀስ አይሆንልንም።

የቀደመው መንግሥታችን እንግዳ ሲገባ ከመጠየቅ ይልቅ ሲወጣ መከልከል ይቀናው ነበር። ፔሮ ዳ ኮቪልያ የተባለው ፖርቱጋላዊ በአፄ እስክንድር ዘመን መጥቶ በክብር ከተቀበሉት በኋላ መመለሻ አጣ። እ.ኤ.አ. በ1520 የመጡት የአገሩ መልእክተኞች ርስትና ትዳር ይዞ አረጋው አግኝተውታል። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሯቸው ፈረንጆች እንዳሻቸው መሄድ አልቻሉም፤ በመጨረሻም መድፉን እያስጎተቱ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሲያመሩ አብረው ተጓዙ። በደርግ ዘመን ደግሞ ከአገር ለመውጣት የመውጫ ቪዛ ይጠየቅ ነበር። ገበሬውም ከወረዳ ወረዳ ለመሄድ ከገበሬ ማኅበሩ የይለፍ ወረቀት ማጻፍ ነበረበት። ዘመድ ለመቅበር፣ በሬ ለመሸጥ፣ ወደ ሁመራ ለአጨዳ ለመውረድ «ለምን ትሄዳለህ?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው በአገሩ ውስጥ ቪዛ ጠያቂ ነበር።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ይህን ሻረ፤ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ አካባቢ የመዘዋወርና የመኖር ነፃነት አለው አለ። እንደ ኢኳዶሩ ሕገ መንግሥት ሁሉ ቃሉ ያማረ ነው።

በ2015 ዓ.ም. አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ። የአክስቴ ልጅ ነው። ያ የደቡብ አሜሪካ ነገር ከፎርሙ ሳያልፍ ቀርቶ፣ በማስተማሩ ቀጥሎ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ የመግቢያ ፈተና ወደ አዲስ አበባ እየመጣ ነበር። መንገድ ላይ ከአንድ ኬላ አውቶቡሱ ቆመ። መታወቂያ ታየ። መታወቂያው ላይ ስማዳ ይላል። «ለምን መጣህ?» ተባለ። «ፈተና ልፈተን» አለ። ደብዳቤውንም አሳየ። ከእሱ ጋር ሌሎችም ወረዱ፤ እንዲመለሱም ታዘዙ።

«ጋሼ» አለኝ፤ ድምፁ ቁጣም የለበት። «ያኔ ‹ውሸት አልጽፍልህም› አልከኝ። ይኸው ዛሬ እውነቱን ተናገርኩ። የኢኳዶር ሰዎች ቢያንስ ፎርም አላቸው። እዚህ የሚሞላ ሣጥን እንኳ የለም።»

የእሱ ዕጣ የብቻው አልነበረም። ከአማራ ክልል ወደ አዲስ አበባ የሚገቡ ተጓዦች በየኬላው እየታገዱ እንዲመለሱ መደረጋቸው በዚያ ዓመት በስፋት የተነገረ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም በጉዳዩ ላይ አሳስቧል። ኬላው ላይ የቆመው ወታደር «የጸጥታ ሥጋት አለ» ይላል። ሥጋቱ የለም ብዬ አልከራከርም። ኢኳዶርም ሥጋት ነበረባት፤ በመንደራችንም ሸክላ ሠሪዋን የሚርቃት ሰው ስለ ልጆቹ ነበር የሚፈራው። የጅምላ ፍርድ ምክንያት አጥቶ አያውቅም። ያጣው ነገር ሰውን ነው፤ ደብዳቤውን ይዞ ከፊቱ የቆመውን አንድ ሰው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ይገርመኛል። ያን ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ፣ የኤምባሲ ደጅ ላይ «ኢትዮጵያዊ ስለሆንኩ ብቻ ከለከሉኝ» እያለ የሚያማርር ወዳጄ ነበር። ወዳጄ ያለው እውነት ነው። ስለ ኬላው ሳነሳበት ግን «እሱስ ምን ይደረግ፤ ማን ምን ይዞ እንደሚመጣ አይታወቅ» አለኝ። ቆንስሉ ስለ እሱ የሚለውን ቃል በቃል ደገመልኝ። ከበሩ ውጭ ስንቆም ሁላችንም እያንዳንዳችን ሰው ነን፤ ከበሩ ውስጥ ስንሆን ውጭ ያሉት ሁሉ ጅምላ ይሆኑብናል።

* * *

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ምን ልመክረው ይገባ ነበር?

አሁንም «ጉብኝት» ብዬ አልጽፍለትም። ያን ጊዜ ስከለክለው ንጽሕናዬን እየጠበቅኩ ነበር፤ የሚያስብ ሰው ግን ንጽሕናውን ጠብቆ ወንድሙን በባዶ እጁ አይሸኝም። አሁን ምክንያቴ ሌላ ነው። ያ ውሸት ከእሱ በኋላ ለሚመጣው የስማዳ ልጅ በሩን ይበልጥ ያጠብበታል። ድኻ ለድኻ ያለው አንድ ሀብት ቃሉ ነው፤ ቃሉን የሸጠ ለተከታዩ የሚያወርሰው የለም። ይህን በግልጽ ልነግረው ይገባ ነበር።

ከዚህ ጋር ግን ሌላውንም ልነግረው ይገባ ነበር። የውሸቱ ግማሽ ዕዳ የሣጥኗ ነው። እውነቱን የተናገረ ሁሉ የሚመለስበት በር፣ እውነትን የሚጠይቀው ለይስሙላ ነው። «ለምን መጣህ?» ብሎ መጠየቅ የባለቤት መብት መሆኑን አልክድም፤ አክስቴም ትጠይቃለች። ነገር ግን የጠየቀ ሰው መልሱን የመስማት ግዴታ አለበት። ሳይሰማ አስቀድሞ በፓስፖርቱ ቀለም ወይም በመታወቂያው ላይ በተጻፈው ወረዳ የፈረደ፣ ጥያቄው ጥያቄ አይደለም። እንዲህ ያለውን በረኛ የሚዋሸው ሰው ኃጢአት አለበት፤ ውሸትን ብቸኛ መግቢያ ያደረገው በረኛም ከኃጢአቱ ይካፈላል።

በዓለም ላይ ያለውን ቪዛ ሁሉ እኔና አንባቢዬ ልናነሳ አንችልም። ኪቶም ብራዚሊያም አይሰሙንም። በእጃችን ያለው የራሳችን ደጅ ነው፤ ኬላው፣ ቀበሌው፣ ቤት የምናከራይበት በር፣ ሠራተኛ ስንቀጥር «አገርህ የት ነው?» የምንልበት አፍ። እዚያ ላይ ሰውን አንድ በአንድ መስማት ከቻልን፣ በሰው አገር መስኮት ላይ «እኔን ስሙኝ» ለማለት አፍ ይኖረናል። ካልቻልን ግን ቅሬታችን የፍትሕ ሳይሆን የተራ ጉዳይ ነው፤ መከልከሉ በእኛ ላይ ስለደረሰ ብቻ የመረረን።

ወገዳ በሄድኩ ቁጥር አክስቴ ከበሩ ላይ ትቀበለኛለች። አስገብታ፣ አስቀምጣ፣ የእግር ውሃ አስመጥታ፣ እንጀራ አቅርባ፣ ጠላውን ከቀዳችልኝ በኋላ ነው «እህ ልጄ፣ በደኅና ነው የመጣኸው?» የምትለኝ። ጥያቄው ያው የቆንስሉ ጥያቄ ነው፤ «ለምን መጣህ?» ማለት ነው። እሷ ግን መልሱ ምንም ቢሆን ከበላሁ በኋላ እንደምትሰማው ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ። እሷን ዋሽቻት የማላውቀው ስለዚህ ይመስለኛል።

ልጇ ያን ፎርም አልጣለውም። ካርታዎቹን ከሚያስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ አለ። ሌላው ቦታ ሁሉ በእጅ ጽሑፉ ተሞልቷል፤ ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ሥራ። «የጉዞው ዓላማ» የምትለዋ ሣጥን ግን ዛሬም ባዶ ናት።